የክቡር ተሳታፊ የምሳ ፊርማ

አዳራሽ፣ ማይክሮፎንና የሻይ ዕረፍት ያለበት አገር ሁሉ አንድ ክቡር ተሳታፊ አለው። መንግሥት ይለወጣል፤ ሚኒስትር ይሾማል፣ ይሻራል፤ የገንዘቡ ምንጭ ከአንዱ ባሕር ማዶ ወደ ሌላው ይዛወራል። እሱ ግን አይነቃነቅም። ከኋላው በር በሦስተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው ጠርዝ፣ የስም መለያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የታሸገ ውሃውን በቀኙ እስክሪብቶውን በግራው አሰልፎ ይገኛል። የዕለቱ ርዕስ የምርጥ ዘር ሕግ ቢሆን፣ የወደብ ኪራይ ቢሆን፣ የሳንባ በሽታ ወይም የሳተላይት ፈቃድ ቢሆን ለእሱ አንድ ነው። በሁሉም ላይ ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡም ሁልጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይከፈታል፦ «አንድ አስተያየት አለኝ፤ አጭር ነው።»

አጭር ሆኖ አያውቅም።

አንባቢዬ ይህን ሰው ያውቀዋል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ሰዓቱን በስርቆት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የማውቀው ግን በሥጋ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ማዕረጉን የሰጠችው ሚስቱ ናት። አንድ ጠዋት ቧንቧው በውሃ ፈንታ አየር እየተፋ ሲያፏጭ፣ ባልዋ በመስተዋት ፊት ከረባቱን ያስር ነበር።

«ክቡር ተሳታፊ» አለችው ባዶ ባልዲ እንደታቀፈች፤ «ለአገሩ ሁሉ ሐሳብ ታዋጣለህ። ለዚህ ቧንቧስ የምታዋጣው የለህም?»

«እሜቴ፣ እሱ የአቅርቦት ጉዳይ ነው። የዛሬው መድረክ በፖሊሲ ላይ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ጠፋ፤ ማዕረጉ ቀረ።

እርግጥ ክቡር ተሳታፊ ሆኖ አልተወለደም። ለሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቢሮ ጉድጓድ ለኪ ነበር። በከተማው ዙሪያ በተቆፈሩት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች አፍ ላይ ይንበረከክና የብረት ሜትር ወደ ታች ይለቃል፤ ጫፉ ውሃውን ሲነካ የምትሰማውን ቀጭን ድምፅ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፤ ጥልቀቱን ይመዘግባል፤ ይፈርማል። በዚያ ሙያ ፊርማ ብቻውን አይቀመጥም። አጠገቡ ሰዓቱና ምክንያቱ ይጻፋል፤ የጠዋት ውሃና የከሰዓት ውሃ እኩል አይደለምና፣ ፓምፕ ቆሞ የተለካውና ፓምፕ እየሠራ የተለካውም እንዲሁ። «ሰዓትና ምክንያት የሌለው ፊርማ የዝንብ እግር ነው» ይላቸው ነበር ለጀማሪዎች። ልማዱ ደም ሥሩ ውስጥ ገባ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ካርድ ሲፈርም «ማታ 1፡20፣ ከእራት በፊት ታየ» ብሎ ይጽፍ ነበር። የጋብቻ ውላቸው ላይ ሳይቀር ከስሙ ጎን «4፡05፣ ለትዳር» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሚስቱ ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች።

ጡረታ በወጣ ማግስት የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ወደ ቢሮው ሄደ። ዘበኛው፣ ሃያ ዓመት ሰላምታ የተለዋወጡት ዘበኛ፣ «መታወቂያ» አለው። ስለዚያ ቀን አጎቴ ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም። በሰባተኛው ወር ግን ለቢሮው «አንድ የውሃ ባለሙያ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ መጣ። ባለሙያዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ስለነበር ኃላፊው «ሽማግሌውን ጥሩት» አለ። ሽማግሌው ሄደ። በአዳራሹ በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ብድግ ብላ «እንኳን ደህና መጡ» አለችው፤ ስሙ በትልልቁ የታተመበትን ካርድ በሁለት እጇ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። የሰው ልጅ ስንት ነገር ተቀብሎ ይሸነፋል፤ አጎቴ የተሸነፈው በዚህች ካርድ ነው።

በዝርዝር ላይ የገባ ስም እንደ ቁንጫ ነው፤ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ይዘላል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ የማያንሱ መድረኮችን ባረከ። ቤቱ የዚያ ታሪክ ቤተ መዘክር ነው። ከኩሽናው በር ጀርባ በተደረደሩት ምስማሮች ላይ የስብሰባ ቦርሳዎች ይንጠለጠላሉ፤ «ለዘላቂ ነገ በጋራ» የሚለው ሽንኩርት ይይዛል፣ «አቅም ግንባታ» ከሰል፣ «ግልጽነትና ተጠያቂነት» ደግሞ የሚታጠብ ልብስ። የግድግዳው ሰዓት የአንድ የውጭ ባንክ ስጦታ ነው፤ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

በአዳራሽ ውስጥ ያለው ብቃት የሚናቅ አልነበረም። የሻይ ዕረፍቱን ከመርሐ ግብሩ ሳይሆን ከስኒዎቹ መንኳኳት ቀድሞ ያውቃል። በቡድን ውይይት ጊዜ ሌላው አንገቱን ሲደፋ «እኔ ላቅርበው» የሚል እሱ ነው። ለአስተያየት ሲነሳ ግን አዳራሹ በአንድነት ይተነፍሳል፤ ንግግሩ ከዘር ቢነሳ ከሳተላይት፣ በዘጠነኛው ደቂቃ ገደማ የማይቀር ቦታ ይደርሳልና፦ ሰባት ቁጥር ጉድጓድ።

ሰባት ቁጥር ከከተማው በላይ፣ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ያለ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ነው። የሠፈራችን ቧንቧ የሚጠጣው ከዚያው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጡረታ ወጥቶም ቢሆን ክቡር ተሳታፊ በየሰኞው ሜትሩን በትከሻው አዙሮ ይሄድና ይለካዋል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም። ከአራት ዓመት በፊት ውሃው በአሥራ ስምንት ሜትር ላይ ነበር፤ አሁን ከሠላሳ ወርዷል። በመካከሉ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት የታሸገ ውሃ የሚያመርት የባሕር ማዶ ኩባንያ ፋብሪካውን ከፈተ። በአዳራሾቹ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደሩት ጠርሙሶችም የዚያው ናቸው። አጎቴ ስለ ሰባት ቁጥር መድረቅ የሚናገረው ሰባት ቁጥርን እየተጎነጨ ነበር።

ሰዎቹ ይስቁበት ነበር። «ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ!» ይባባሉ ነበር በክርን እየተጓሸሙ። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሊቅ የአካባቢውን ልምድ ልስማ ብሎ ዕድል ሰጠው። አጎቴ ሃያ ሁለት ደቂቃ ተናገረ፤ ዓመት በዓመት፣ ሜትር በሜትር። ሲጨርስ ሊቁ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ በባዕዱ ቋንቋ የተናገረው አንድ ቃል ነበር። አጎቴ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ምን እንዳለ ጠየቀው።

«'ይስማማሉ' ነው ያለው» አለው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፤ የተዘበራረቀ ክስ የሚጠቅመው ተከሳሹን ነው። አዳራሾቹን የሚከራየው «የውሃ ምክክር ማዕከል» የሚባል ተቋም ነው። ማዕከሉ አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛና አንዲት አስተባባሪ አለው። በጀቱ ከአንድ የበጎ አድራጎት ፈንድ ይመጣል። ፈንዱ የተመዘገበው ከነዋሪዋ ኩባንያዋ በሚበዛ አንዲት ደሴት፣ በአንድ የጥብቅና ቢሮ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የዚያ የጥብቅና ቢሮ ትልቁ ደንበኛ ውሃ አሻጊው ኩባንያ ነው። አዲሱን የከርሰ ምድር ውሃ ረቂቅ አዋጅ ጽፎ «ቴክኒካዊ ድጋፍ» በሚል ስም ለሚኒስቴሩ በነፃ ያበረከተውም ያው ቢሮ ነው። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ቅኝቱ ሁሉ «እንብላው እንብላው» ነው ይባላል፤ የረቂቁ አንቀጽ ሃያ ሦስት ከዚህ ከበሮ የወጣ ነው። ከመቶ ሃያ ሜትር በታች ቆፍሮ ለሚያወጣ ባለፈቃድ ውሃውን ለአርባ ዓመት ብቻውን ይሰጠዋል፤ የውሃውን መጠን የመለካትና መዝገቡን በምስጢር የመያዝ ሥልጣንንም ለዚያው ለባለፈቃዱ ያስረክባል። ሌባው ዘበኛ፣ ዘበኛውም ቁልፍ ያዥ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጉቦ የበላ ሰው የለም። ይህን በጥንቃቄ የምለው ነው። ሚኒስቴሩ የተቀበለው እርዳታ ነው፤ ማዕከሉ በጀት፤ ሆቴሉ ኪራይ፤ ተሳታፊው ቦርሳ። ሁሉም ደረሰኝ አለው። በዘረፋ የተወሰደ አገር ቢያንስ ሌባውን ያውቃል። በምሳ የተወሰደ አገር ግን በመጨረሻ «መስተንግዶው በጣም ጥሩ ነበር» የሚል የግምገማ ቅጽ ሞልቶ ያስረክባል።

ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ አንድ አባሪ ተያይዞለት ነበር። «በአሥራ አራት መድረኮች ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ባለድርሻ አካላት መክረውበት በፊርማቸው ደግፈውታል» ይላል። ስለዚህ ውሃ ለዓመታት በጋዜጣ ስጽፍ ነበርና አባሪው እጄ ሲገባ ሦስት ቀን ሙሉ ገጽ በገጽ አነበብኩት። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የማውቀውን ፊርማ አገኘሁ። ከዚያም በሌላ ገጽ፤ ከዚያም በሌላ። በአሥራ አራቱም መድረኮች ነበረ። በጀመርኩት ጽሑፍ ውስጥ «ተባባሪዎች» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር የእናቴን ወንድም ስም ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

በመመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ፓስፖርት፣ የአየር መንገድ ወረቀትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ተዘርግተው ነበር። በሩ አጠገብ የተዋሰው ሻንጣ ቆሟል። ማዕከሉ ባሕር ማዶ፣ በሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ለሚካሄድ የአራት ቀን ጉባኤ መርጦታል። ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ከሥር ሆኖ ብቻ ያየ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

መነጽሩን አደረገ። «የኔ ነዋ። ምን ሆነ?»

«ከላይ ያለውን አንብበው።»

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ባለድርሻ አካላት ረቂቅ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ መርምረን ሙሉ በሙሉ...» አቆመ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ደግሞ መለሰው። «ይሄ ጽሑፍ አልነበረም። ባዶ ነበር።»

«ባዶ ወረቀት ላይ ፈረምክ?»

«የምሳ ወረቀት ነው እኮ ልጄ! የጠዋቱ ርዕስ አለው፤ ለመገኘትሽ ነው። የቀትሩ ርዕስ የለውም፤ ሆቴሉ ስንት ሳህን እንደሚያወጣ እንዲያውቅ ነው። ሁሌም እንደዚያ ነው። ማንም ሰው የምሳ ወረቀት አንብቦ አያውቅም።»

«እንግዲያው ስድስት መቶ ሰው ምሳ በልቶ ውሃውን ፈርሞ ሰጠ።»

ሚስቱ ከኩሽና ብቅ አለች፤ «ግልጽነትና ተጠያቂነት»ን በክንዷ አንጠልጥላ። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ብዬ ነበር እኮ። ሰው በነፃ አያበላም ብዬ ነበር።»

«አንቺም ዶሮውን ጠቅልዬ ሳመጣልሽ ገደሉን አላየሽም» አላት።

«እኔ አልፈረምኩም!»

እሱ ግን አሁን ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ በጉድጓድ አፍ ላይ እንደሚጎነበሰው። ጣቱን ከፊርማው ቀኝ አስጠጋ። «ቆይ እስቲ። ይሄን አላየሽውም?»

የፎቶ ኮፒው ጥላ ነው ብዬ ያለፍኩት ነጥብ ነበር። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። በጥቃቅን፣ እኩል በሆኑ ፊደላት «6፡40፣ ለምሳ» ይላል። የቀሩትን ገጾች አገላበጥኩ። «6፡35፣ ለምሳ።» «6፡50፣ ለምሳ፣ ዘግይቷል።» «6፡40፣ ለምሳ፣ ሾርባ የለም።» አሥራ አራቱም አሉ። አባሪውን ያዘጋጁት የኩባንያው ሰዎች፣ የሚኒስቴሩ የሕግ ክፍልና ሦስት ቀን ያጠናሁት እኔ፣ ሁላችንም ሳናየው አልፈናል። የዝንብ እግር መስሎን።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ቋሚ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ይሰማል» አልኩት። «ወረቀቱን እኔ ብይዘው 'ማንም የጻፈው ነው' ይላሉ። የጻፈው ሰው ቆሞ 'የኔ ነው' ማለት አለበት።»

«ሐሙስ» አለ። የአየር መንገዱን ወረቀት አላየም፤ ማየት አላስፈለገውም። «አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።» ቀኑ በአጋጣሚ ገጠመ ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። «ከስድስት መቶ ሰው ሌላ የለም?»

«ምክንያት የጻፈ ሌላ ሰው የለም።»

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። አስተባባሪዋ ነበረች፤ ያቺው በመጀመሪያው ቀን ካርዱን ያጠለቀችለት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ከሁሉም አብልጣ ትወደዋለች፤ ድምፅዋም ክፍሉን ሞላው። «ጋሼ፣ ፓስፖርቱ እጅዎ ገባ አይደል? የመስኮት ወንበር ነው ያስያዝኩልዎ! ደመናውን ከላይ ሆነው ያዩታል።»

«ከላይ?»

«ከላይ! እርስዎ ካልሄዱማ ማን ይሂድ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለና ዘጋው። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ታች ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

እኔ ግን ምሕረት ይዤ አልመጣሁም ነበር። «ከሄድክ የሚቀጥለው ጥሪ ይመጣል፤ ከቀረህ ሁለተኛ የሚጠራህ የለም። ግን ውሃው ሲደርቅ ፊርማህ እዚያው ወረቀት ላይ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜ ሚስቱ ቦርሳውን መሬት ጣለችው። «ተይው አንቺ! ስትጽፊ እንጂ ስትኖሪ አላየሁሽም። ያኔ ከቢሮ ሲወጣ ስድስት ወር ከዚህ ወንበር አልተነሣም፤ ታውቂያለሽ? ጠርተው ሰው ያደረጉት እነሱ ናቸው። እኔ እስቅበታለሁ፤ ሚስቱ ነኝ። አንቺ ግን አትፍረጂበት።» ወደ እሱ ዞረች። «ሂድ። ሄደህ ደመናህን እይ። ባልዲ እኔ እሸከማለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

ሰኞ እንደ ልማዱ ሜትሩን ይዞ ወደ ሰባት ቁጥር ሄደ። ሲመለስ በማስታወሻው ላይ «ሠላሳ ሦስት ከአርባ፣ ጠዋት 2፡15፣ ፓምፕ እየሠራ» ብሎ ጽፎ ነበር። ማክሰኞ ሻንጣው ታሸገ። ረቡዕ ሸሚዝ ተተኮሰ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መሄዱን ሚስቱ በስልክ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ደስታም ኀዘንም አልነበረበትም።

በቋሚ ኮሚቴው አዳራሽ የኩባንያው አማካሪ ቀድሞ ተናገረ። ጨዋ፣ የተማረ፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ሲባል ሰምተናል፤ የዘንድሮው ጅብ ግን አገሩን የሚያውቅ አንጣፊ ይቀጥራል። «ይህ ሕግ ከሕዝብ የመነጨ ነው» አለ። «የስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ፊርማ ከፊታችሁ ነው።» ሰብሳቢዋ፣ ፊቷ የማይነበብ አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ አባሪውን ከፍ አድርጋ ክብደቱን እንደምትመዝን ሁሉ አየችው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ሻንጣ ነው።

ከኋላው ክቡር ተሳታፊ፣ ከረባቱ ዞሮ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ገባ። በበሩ ላይ የተገኙትን የሚመዘግበው ሠራተኛ ወረቀት ሰጠው። ከላይ ርዕሱን አነበበ፤ በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበ። ፈረመ፤ አጠገቡም ጻፈ። ከዚያ በሦስተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው ጠርዝ ተቀመጠና ሻንጣውን ጉልበቱ መሐል አቆመው። እጁን አወጣ።

«አንድ አስተያየት አለኝ፤ አጭር ነው።»

ከጋዜጠኞቹ የሚያውቁት ሁለቱ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። አንደኛው ዐይኑን ጨፈነ። እኔም ሰባት ቁጥር ጉድጓድ ድረስ ይዞን እንዳይወርድ በልቤ ለመንኩ።

«በአባሪው ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ያለው ፊርማ የኔ ነው። አጠገቡ 'ለምሳ' ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስፈርም ከላዩ ምንም ጽሑፍ አልነበረበትም። ምሳውም ጥሩ ነበር። ውሃውን ግን አልሰጠሁም።»

ተቀመጠ።

«ጨረሱ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ጨረስኩ።»

ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጠች። መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን ወደ ዐይኗ አስጠጋች። «ስድስት ሰዓት ከአርባ፣ ለምሳ» ብላ በማይክሮፎኑ አነበበች፤ ድምፁ በአዳራሹ ተንከባለለ።

አማካሪው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ የአንድ ግለሰብ አስተያየት ነው። የቀሩት ስድስት መቶ አሥራ አንድ...»

«የቀሩት ሲፈርሙ ወረቀቱ ርዕስ ነበረው?»

አማካሪው ወደ ጎኑ ወዳለው ሰው ዞሮ አንሾካሾከ። በዚህ መሐል ከኋላ አንዲት ሴት «እኔም ለምሳ ነው የፈረምኩት!» አለች። «እኔም!» አለ ሌላ። ከዚያም ከጥግ አንድ የቆሰለ ድምፅ፦ «እኔማ ፈርሜ ምሳው አልቆብኝ ነው የተመለስኩት!»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ በዓመታት ክስ ያልነቀነቅሁትን ግንብ ያ ሳቅ ሲሰነጥቀው በዐይኔ አየሁ። ኮሚቴው ረቂቁን ከነአባሪው ለላኪው መለሰ። ድል ነው አልልም። ኩባንያው አልሄደም፤ ፓምፑም አልቆመም። ረቂቁ ሌላ ስም ለብሶ፣ በተሻለ ወረቀት ታትሞ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ሲመለስም የምሳው ወረቀት ርዕስ ይኖረዋል። ግን በዚያች ሐሙስ አልጸደቀም፤ የዚያች ሐሙስ ውሃ የኛ ነው።

ስንወጣ በደረጃው ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድም ደመና የለበትም።

«ማረፊያው በር ድረስ ሄጄ ነበር» አለኝ። «ወረፋ ላይ ቆምኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቅጽ ሰጠችኝና 'የጉዞ ምክንያት' የሚለው ላይ ስደርስ... ቆምኩ። የምጽፈው አጣሁ። አውሮፕላኑ አሁን አልፎ ይሆን?»

«አልፏል፣ ጋሼ።»

«ይሁን። የታየ ደመና የለም ዛሬ» አለና ሻንጣውን አነሣ።

በዝርዝር ላይ የገባ ስም እንደሚዘል ሁሉ መጥፋትም ያውቅበታል። ከዚያች ዕለት ወዲህ አንድም ጥሪ አልመጣም። አስተባባሪዋ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ለሥራ አይደለም፤ ደህንነቱን ጠይቃ፣ አልቅሳ ዘጋች። ሚስቱ ያ የስድስት ወር ወንበር ተመልሶ እንዳይመጣ ፈራች፤ ፈርታም ዝም አላለችም። እሑድ ለምሳ ስንሰበሰብ በመመገቢያ ክፍሉ በር ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት ሰቅላ አገኘናት፦ ስም፣ ፊርማ፣ ሰዓት፣ ምክንያት። ከላይ በትልልቁ ርዕስ አለው። «ሳይፈርም የሚቀመጥ የለም» አለች፤ «በዚህ ቤት ሳህን የሚወጣው በቁጥር ነው።» እሱ ለበሩ የቀረበውን ወንበር ይዟል፤ ከሾርባው በፊት «አንድ አስተያየት አለኝ፤ አጭር ነው» ይላል፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ እኛም ሰባት ቁጥር ጉድጓድ ድረስ አብረነው እንወርዳለን። አሁን የሚጽፍለት አለ፤ ሰኞ ሰኞ ቁጥሩን እኔ እመዘግባለሁ።

ከጽሑፌ ውስጥ «ተባባሪዎች» ከሚለው ሥር አንድ ስም ሰርዣለሁ። ባለፈው እሑድ ዘግይቼ ደረስኩ። ሁሉም ተቀምጠው ነበር። እስክሪብቶውን አንስቼ ፈረምኩ፤ «7፡10፣ ለምሳ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ወንበሬ ከሄድኩ በኋላ ግን ተመለስኩ፤ ምክንያቱ ያልተሟላ ፊርማ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ሰው በትኩረት እያየኝ ነበር። ከጎኑ በጥቃቅን ፊደል ጨመርኩበት፦

«ለምሳ ብቻ አይደለም።»